የግራኟ ማንዶሊን

አባቴ ሲሞት ቤቱንም፣ የእንሰቱንም ጓሮ፣ ላሞቹንም በሰላም ተካፈልን። የተጣላነው አባቴ ይመታው በነበረው ማንዶሊን ነው። የአዲስ አበባው ነጋዴ ታላቅ ወንድሜ፣ ሙዚቃ ብሎ የሚያውቀው የመኪናውን ጡሩምባ ብቻ ነው፤ ሆኖም «እስከ መስቀል ካልተጫወትሽበት ወስጄ ሳሎኔ ውስጥ እሰቅለዋለሁ» አለኝ። በጣም ተናደድኩ።

እኔ ግራኝ ነኝ። ወንድሜማ «ለሰው በግራ አይሰጥም» እያለ እጄን ሲመታ ነው ያደገው። ማንዶሊኑ ደግሞ የቀኝ ነው፤ አዙሬ ስይዘው ወፍራሙ ክር ወደ ታች፣ ቀጭኑ ወደ ላይ ይመጣብኛል። ወልቂጤ ውስጥ ያማከርኩት ሁሉ «በቀኝሽ ልመጂ» አለኝ። ከመካሪዎቹ አንድም ማንዶሊን ነክቶ የሚያውቅ አልነበረም።

በአረቅጥ በኩል በሚኒባስ ተንጬ ቡታጅራ ደረስኩ፤ ክራርም ሬዲዮም የሚጠግኑ አዛውንት አሉ ተብዬ ነው። ክሮቹን እንዲገለብጡልኝ ነገርኳቸው፤ ኢንሻአላህ አሉ። በሳምንቱ ስመለስ ማንዶሊኑ እንደነበረው ነው! ለካ ገልብጠው ሲጨርሱ፣ ሊሞክሩት በቀኛቸው ቢመቱት አላምር አላቸው።

«ተበላሽቶብኝ ነበር ልጄ፤ አልሐምዱሊላህ፣ አስተካከልኩት» አሉኝ።

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? በሁለተኛው ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጬ አሠራሁ፤ አንገቱ ጫፍ ላይ ያለችውን፣ ክሮቹ በቦዮቿ የሚያርፉባትን ትንሽ አጥንት ሳይቀር አስገለበጥኩ። ሊሞክሩት እጃቸውን ሲዘረጉ ግን ቀድሜ አነሳሁት።

መስቀል ደረሰ። ወንድሜ ክትፎው ፊት ተሰይሞ «እስቲ እንይሽ» አለኝ። አባቴ የሚወዳትን አንዲት ዜማ ተጫወትኩ። ሁለት ቦታ ስቻለሁ፤ ቢሆንም እናቴ ጉርሻዋን በእጇ እንደያዘች እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ደስ ሲለኝ!

ወንድሜ ግን አልተዋጠለትም። አባባ የሚመታው እንዲህ አልነበረም ብሎ ነጠቀኝና በቀኙ ይገርፈው ጀመር። የወጣው ድምፅ ጅራቷ የተረገጠ ድመት ነው። ደጋግሞ ሞከረ፣ አገላብጦ አየው፣ ላብ አጠመቀው።

«ምን አርገሽው ነው? ግራ ገባኝ እኮ» አለ።

«እኔን የገባኝ ስወለድ ነው፤ ስጠኝ ጋሼ።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ወንድሜ ዓይኑን ጣባው ላይ ተክሎ፣ ቀኝ እጁን ወደ ክትፎው ሰደደ። የአባቴን ማንዶሊን በግራው አቀበለኝ።