ሮዝ ሻርፕ የጠመጠመው የእህቴ ባል

የእህቴ ባል ሮዝ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ሞጣ ላይ መድረክ ሲወጣ እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ወንዶች ስለ ጡት ካንሰር እንዲያውቁና ሚስቶቻቸውን ቶሎ እንዲያስመረምሩ የተጠራ ስብሰባ ነው። እሱ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ስለሆነ ዋናውን ንግግር ለእሱ ሰጡት። እኔ ቢቸና አስተማሪ ነኝ፤ ጠዋት በአውቶቡስ የመጣሁት እህቴን ልጠይቅ እንጂ እሱን ልሰማ አልነበረም። መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ና፣ ስማኝ» ብሎ ጎትቶ አስገባኝ። ጭብጨባ ሲያምረው ዘመድ ይሰበስባል።

«ወንድሞቼ» አለ፣ ድምፁን እንደ ሰባኪ እየጎተተ፣ «የሚያታልለን የማያመው እብጠት ነው! አያምም ብላችሁ ሚስቶቻችሁን አታዘግዩ። ዛሬውኑ ይዛችኋቸው ሂዱ!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ካጨብጫቢዎቹ ግማሹ ስልኩን ሲጎረጉር የቆየ ነው፤ የቀረው «ጡት» በተባለ ቁጥር በጋቢው አፉን ሸፍኖ ይስቅ ነበር። ሲያበቃ ሁሉም በር ላይ የታደለውን ሮዝ ሻርፕ እያስተካከለ ፎቶ ለመነሳት ተጋፋ።

እሱ እጅ ሲጨብጥ እኔ ቀድሜ ወደ ቤቱ ሄድኩ። እህቴ በር ላይ ስማኝ ስታበቃ ክንዷን ወደ ደረቷ ሰብሰብ አደረገች።

«እታለም፣ ምን ሆነሻል?»

«ምንም» አለች መጀመሪያ። ቁጭ ካልን በኋላ ግን ተናገረች። ገላዋን ስትታጠብ ጡቷ ላይ ባቄላ የምታህል እብጠት ካገኘች ስምንት ወር አልፏታል። አሁን አድጓል።

«ለጋሼ ነግረሻቸዋል?»

«በነጋታው ነዋ። ‹ያምሻል?› አለኝ። አያመኝም አልኩት። ‹ታዲያ ምን ያስሮጥሻል?› አለኝ። ኋላም ስለምነው፣ ሐኪሙ ወንድ ነው፣ የሚስቴን ገላ ማንም አይዳብስም አለ።»

ባያውቅ ኖሮ አዝንለት ነበር። እሱ ግን በቃሉ ያውቀዋል!

ገባ፤ ሻርፑን እንኳ አላወለቀም። «እንዴት ነበር ንግግሬ?» አለኝ።

«ጋሼ፣ ነገ እታለምን ባሕር ዳር ወስጄ አስመረምራታለሁ» አልኩት።

ወደ እሷ ዞረ። «የቤቴን ገበና አውጪ ማን አለሽ?»

ሃያ ዓመት ሙሉ አንቱ ስለው የኖርኩትን ሰው የዚያን ጊዜ አንተ አልኩት። «አንተ ውሸታም! ለአገር የምትሰብከውን ለሚስትህ ትከለክላለህ?»

ክው አለ። ያስደነገጠው የእህቴ ሕመም ቢሆን ይቅር እለው ነበር። እሱ ግን «እኔን አንተ? እኔን!» እያለ በቤቱ ውስጥ ይንጎራደዳል። ትተነው ልብሷን አሰናዳን፤ በማግሥቱ ጠዋት ተሳፈርን።

ባሕር ዳር የመረመረቻት ሐኪም ሴት ነበረች። ውጤቱ ሲመጣ ካንሰር ነው አለችን። «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ እብጠቱን ብቻ ማውጣት ይበቃ ይሆን ነበር» አለች፣ ማንንም ላለመውቀስ ቃሏን እየመረጠች። የእህቴ ጡት ተቆርጦ ወጣ። ባሏ በሦስተኛው ቀን ብርቱካን ይዞ መጣና ክፍሉ ውስጥ የተኛው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ አለቀሰ። እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዛሬ መድኃኒቷን ጨርሳለች፤ ለክትትል ባሕር ዳር የምትመላለሰው ከልጇ ጋር ነው።

ቢቸና እንደተመለስኩ ይህን ሁሉ ለባለቤቴ አወራሁላት። እንዴት አድርጌ እንዳዋረድኩት ስነግራት ደረቴን ሳልነፋ አልቀረሁም። በመሃል «አንቺስ ታይተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«አምና አንድ ነገር ዳሰስኩና ብቻዬን ሄጄ ታየሁ። ደህና ነው ብለው መለሱኝ።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«የፈተና ወረቀት ታርም ነበር» አለች፣ ሳህኖቹን እያነሳች። «ሁለቴ ጀመርኩልህ። ሁለቴም ‹ቆይ› አልከኝ።»

ስለ እህቴ ባል ያልጨረስኩት ብዙ ስድብ ነበረኝ፤ አፌ ውስጥ ቀረ።