አደስ አደስ የሚሸት እጅ

ለሽያጭ በማቀልጠው ሳሙና ላይ የተወቀጠ አደስ ስነሰንስ ሽታው ያንን የዒድ ቀን ከነንዴቱ አመጣብኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። እናቴ ለወራት ያጠራቀመችውን የሳሙና ቁርጥራጭ ፍቃ አቀለጠችው፤ አደስ ጨምራበት በሰርዲን ጣሳ አረጋችው። ለእንግዶቻችን እጅ መታጠቢያ ነበር። የማስታጥበውም እኔ ነበርኩ።

የአባቴ እህት ታጥባ ስትጨርስ ሳሙናውን ገለባበጠችው። ሰማያዊና ቢጫ ስብርባሪ ይታይበታል።

«የሰው እድፍ ያጠበ ትርፍራፊ ነው ለእንግዳ የምታቀርቢው?» ብላ እናቴ ፊት ወደ ግቢው ወረወረችው። እንግዳው ሁሉ ሳቀ።

ልጮህባት ስል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ተይ ልጄ፤ የቂያማ ቀን እጇ ይመሰክርባታል» አለችኝ።

እጅ ያለ አፍ እንዴት እንደሚመሰክር አልገባኝም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ እጇን ስጠብቅ ዋልኩ። ልትሄድ ስትል አጥሩ ጥግ ቆመች፤ ማንም ያላያት መስሏት መዳፏን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ደጋግማ አሸተተች።

ትናንት ከውጫሌ ደወለችልኝ። «ለልጅ ልጄ ሰርግ እናትሽ ትሠራው የነበረውን ሳሙና ሥሪልኝ። እንደዚያ የሚሸት ሳሙና ከዚያ ወዲህ አላየሁም» አለችኝ።

ይህን ለመናገር እናቴ እስክትቀበር ጠበቀች።