የአባቴን ፈረስ ማን ይይዛል

በእኛ አገር፣ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚወስደው ደጋ፣ ፈረስ ያለው ሰው ሲሞት ፈረሱ ለቅሶ ሜዳ ላይ ይዞራል። በኮርቻው ላይ የሟቹን ልብስ ያለብሱታል፤ ሕዝቡም እሱን እያየ ያለቅሳል። ልጓሙን ይዞ የሚያዞረው፣ በእኛ ቤት ወግ፣ የበኩር ልጅ ነው። የበኩር ልጅ ደግሞ እኔ ነኝ።

ሞስኮ ሄጄ ሕክምና እንድማር የተመረጥኩ ጊዜ አባቴ ሳል ይዞት ከምድጃ አጠገብ አይጠፋም ነበር። አማርኛን ለገበያና ለዳኛ ፊት ብቻ ነው የሚያወጣት፤ ቤት ውስጥ በአገውኛ ነበር የምንነጋገረው። ልሰናበተው ጎንበስ ስል፣ «ተምረህ ና፤ እስክትመጣ እጠብቅሃለሁ። ፈረሴን ሌላ ሰው እንዳያስይዙብኝ» አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

እንጅባራን የለመደ ሰው ምን ብርድ ይፈራል እያልኩ ስመጻደቅ ነው የሄድኩት። የሞስኮ ብርድ ግን ሌላ ነው፤ የአፍንጫን ጠጉር ያደርቃል፣ ዕንባን ዓይን ላይ ያስቀራል። ከብርዱ የባሰው ትምህርቱ ነበር። የአጥንቱ ስም በላቲን፣ ማብራሪያው በሩሲያኛ፤ እኔ በአማርኛ እየተረጎምኩ አጠናለሁ፣ በአገውኛ እራገማለሁ። መምህሩ ሲጠይቀኝ መልሱን እያወቅሁ አፌ ይታሰርብኛል፤ እሱም አላጠናም ብሎ ያልፈኛል። የዶርም ጓደኛዬ የዋህ የሳይቤሪያ ልጅ ነበር፤ ዝም ስል እንዳልሰማሁ እየመሰለው ይጮህብኛል። ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ይባላል። እኔ ፈረስነቱ ቀርቶብኝ አህያ ብቻ ሆኜ ነበር።

ትምህርት ሳይጨርሱ አገር ቤት ደርሶ መምጣት የሚባል ነገር የለም። የሚመለሰው የወደቀ ተማሪ ነው። ይህ ሐሳብ አንድ ቀን ትራም ውስጥ ቆሜ ሳለ መጣብኝና ከዚያ ወዲያ አልለቀቀኝም። ብወድቅ ይመልሱኛል። ብመለስ አባቴን በሕይወቱ አገኘዋለሁ፤ ባይሆን እንኳ ለፈረሱ እደርሳለሁ። ግን ወድቆ የመጣ ልጅ የአባቱን ፈረስ በምን ዓይኑ ይይዛል? አገሬው ሁሉ ፈረሱን ትቶ እኔን አይደል የሚያየው? ለማለፍም ለመውደቅም አቅም አጣሁ። መጽሐፉን ገልጬ አንዱን ገጽ ስመለከት እውላለሁ። ስተኛ ብቻ፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ ተሸፋፍኜ በአገውኛ፣ «ማርልኝ፣ አቆይልኝ» እላለሁ። የሚሰማኝ ከእግዜር በቀር አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት መግቢያ፣ በመስከረም፣ ቤተሰቤን የሚያውቅ አንድ የዳንግላ ልጅ ሊማር መጣ። አገውኛ የሚያናግረኝ ሰው ሊገኝ ነው ብዬ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄጄ ተቀበልኩት። አቅፌው ገና ሳልለቀው ስለ አባቴ ጠየቅሁት። «ደኅና ናቸው» አለኝ፤ በአማርኛ። ቀጥሎ የእጅ ሹራብ የት እንደሚገዛ ጠየቀኝ። ከዚያ በኋላ ሸሸኝ። ባገኘው ቁጥር ይቸኩላል፤ ምግብ ቤት ውስጥ ሲያየኝ ጀርባውን ይሰጠኛል። ሞስኮ ገብቶ ኮራ፣ አገውኛም አሳፈረው አልኩ፤ ለሌሎቹ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችም አማሁት። ሰምተው ወሬ ቀየሩብኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ፈተና ደረሰ፣ እኔም ቀኑን መቁጠር ትቼ ነበር። አንድ ጠዋት፣ ጨለማው ሳይገፈፍ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አራት ኢትዮጵያውያን ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው ቆመዋል። የሁላችን ታላቅ የሆነው የአዲስ አበባው ሰው ከካፖርቱ ላይ ነጠላ ደርቦ፣ ጥለቱን ወደ ላይ መልሶ እስከ አፉ ተከናንቧል። አራተኛው፣ የዳንግላው ልጅ፣ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ነበር።

በእኛ ዘንድ ሰው ሳይነጋ ተሰብስቦ የሚመጣው ለመርዶ ነው። ነጠላም ጥለቱ ወደ አንገት ሲወጣ የሐዘን ነው። ምንም እስኪናገሩ አልጠበቅሁም። ደረቴን እየመታሁ፣ «አባቴን! አባቴን!» ብዬ ወለሉ ላይ ወደቅሁ።

ለካ ቀኑ ገና ነበር። የእኛም የሩሲያ ቤተ ክርስቲያንም ገና አንድ ቀን ስለሚውል፣ ቅዳሴ ሊወስዱኝ ነው የመጡት። በዚያ በሶቪየት ዘመን ቤተ ክርስቲያን መታየት እምብዛም ስለማይወደድ ሳይነጋ ለመሄድ ነበር የማለዱት። ነጠላውም ለብርዱ ነው የተገለበጠው። ይህን ሁሉ በኋላ ነው ያወቅሁት። ያን ጊዜ ታላቃችን፣ ምን ነካህ፣ ማን ሞተ ቢለኝ ኖሮ አፍሬ እነሣ ነበር፣ ዕድሜ ልካችንን እየሳቅን እናወራው ነበር። እሱ ግን ከጎኔ ተንበርክኮ ትከሻዬን ያዘና፣

«ማን ነገረህ?» አለኝ።

አባቴ የሞተው በሐምሌ ነበር። ዘመዶቼ፣ ትምህርቱን እስኪጨርስ እንዳትነግሩት ብለው የዳንግላውን ልጅ አስምለውት ኖሯል። እሱ ብቻውን መሸከም አቅቶት ለሌሎቹ ነገራቸው፤ ፈተናው ይለፍለት ተባብለው ያዙት። ከክረምት ጀምሮ ለሞተ ሰው ነው «አቆይልኝ» ስል የከረምኩት።

ጮኼ አለቀስኩ። በር ጠባቂዋ ባልቴት ሰው የተገደለ መስሏት እየሮጠች መጣች። ጎረቤቶቼ በየበራቸው ብቅ ብለው፣ ተማሪ ተኝቷል፣ ዝም አሰኙት አሉ። ታላቃችን አፌን በነጠላው ያዘልኝ። እውነቱን ነው፣ ምን ያድርግ? እንደዚያ ታፍኜ በአገውኛ ሙሾ ሳወርድ፣ ሦስቱ የምለውን ሳያውቁ አብረውኝ ያለቅሳሉ። የሚያውቀው አንዱ ብቻ ነበር። እሱ በሩ ላይ እንደቆመ ነው።

ትንፋሽ ሳገኝ ወደ እሱ ዞሬ በአገውኛ፣ «ፈረሱን ማን ያዘው?» አልኩት።

በመስከረም የነፈገኝን አገውኛ ያን ጠዋት አወጣው።

«እኔ ነኝ» አለ። «ወደ ልጁ የሚሄደው እሱ ነው፣ በልጁ ፈንታ ይያዝ ብለው ልጓሙን ሰጡኝ። ሦስት ጊዜ አዞርኩት።»

አቅፌ ላመሰግነው ይገባኝ ነበር፤ አልቻልኩም። ቀናሁበት። ሐኪም ሆኜ አገሬ ከገባሁም በኋላ፣ ዳንግላ ገበያ ላይ ባየሁት ቁጥር እቀናበታለሁ።