በእንጨት በርሜል የቆየው ጠላ

በዚያ የጥቅምት ቀን ብቸና ቤታችን ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ ከሞጣ የመጡት የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ የንስሐ አባታችንና የበኩር ልጄ ነን። ልጄ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ እሄዳለሁ ብሎ ልብሱን ከጠቀለለ ሳምንት ሆኖታል። የአባቱን ልመና እምቢ ስላለ፣ የሚፈራቸው አጎቱ እንዲመክሩልን አስጠራናቸው። እኔ የቆላውን ወባ እያሰብኩ እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁ።

ጠላውን የጠመቅሁት ለእንቁጣጣሽ ነበር። አጎትየው በበዓሉ ታመው ስለቀሩ፣ እሳቸው ሳይመጡ አይከፈትም ብዬ እንደከደንኩት አቆየሁት። ያለበት ደግሞ ጋን አይደለም፤ ባለቤቴ ሞጣ ላይ ቤቱን ከዘጋ ጠጅ ነጋዴ የገዛው የእንጨት በርሜል ነው። እህሉን ለደረቆት አጥቁሬ ቆልቼዋለሁ፣ ውሃም አላበዛሁበትም።

ስቀዳው ቡኒ ሆኖ ወፈር ብሏል። እንደ ወጉ በመዳፌ አፍስሼ አስቀድሜ ቀመስኩ። መጀመሪያ ያረረ እህል፣ ቀጥሎ የጌሾው ምሬት፣ ከሥሩ ደግሞ የአሮጌ እንጨትና የማር ሽታ። ስውጠው ጉሮሮዬን እንደ አረቄ አሞቀው። ደነገጥኩ። ግን ቀምሼ ብመልሰው «ምን አገኘችበት?» ይባላል ብዬ ፈራሁ።

«ምነው እቴ፣ ፊትሽ ተኮማተረ? መድኃኒት ነው እንዴ የምታጠጪን?» አሉ አጎትየው እየሳቁ።

«ኧረ ጋሼ፣ ትንሽ ሰንብቶ ነው። ቀስ ብለው ይጠጡት።»

«እኔም ሰንብቼ የለ! ቅጂ ባክሽ!»

የንስሐ አባታችን ሁለቴ ጎንጨት ብለው ዋንጫውን አስቀመጡ። አጎትየው ግን ደገሙ። ምክራቸው ለስላሳ ነበር፤ ልጄም አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። «እስከ ጥምቀት ልቆይና አስብበታለሁ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እዚያ ላይ መቅዳቴን ማቆም ነበረብኝ። የባል ታላቅ ወንድም ዋንጫ ባዶ ሆኖ ማየት አልቻልኩም፤ ሦስተኛውን ቀዳሁ።

ያን ሲጨርሱ ድምፃቸው ተለወጠ።

«አንተ የአባትህን እርሻ ንቀህ የሰው ማሳ ልታጭድ? ሂድ! እዚያው ቅር!»

«ኧረ ተው፣ ልጅ ነው» አሉ የንስሐ አባታችን።

ልጄ ተነሥቶ እጅ ነሣ። «እሺ ጋሼ፣ እዚያው እቀራለሁ» አለ። ጥቅልሉን ይዞ ወጣ። ተከትዬው መናኸሪያ ስደርስ ለሁመራ መንገድ የሚያደርሰው የሞጣው መኪና ሄዷል።

በማግስቱ አጎትየው ያሉትን አያስታውሱም። ስነግራቸው አለቀሱ፤ ሞጣ ወርደው ፈለጉት፣ አላገኙትም። ከሁመራ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ደኅና ነኝ ይላል። ከዚያ ወዲህ የለም። ባለቤቴ በእሳቸው ይፈርዳል። እኔ ግን ቀድሜ የቀመስኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ አሁን ደክሞኝ ጻፍኩት።

ሁመራ ወይም መተማ የሠራችሁ፣ ረጅም፣ ጠይም፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው የብቸና ልጅ ካያችሁ፣ ያለበትን ንገሩኝ።