ጥፋተኛው ገጹ ነው

ልደታ ኮንዶሚኒየም ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት ጎረቤቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ቤት መዋል ሲሰለቻቸው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያገለገለ ጆይስቲክ፣ ማለትም ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ የበረራ መሪ፣ ገዙ። በኮምፒውተር አውሮፕላን የሚያበሩበትን ሲሙሌተር እንድጭንላቸው እኔን ጠሩኝ፤ ሥራዬ ሰው የሚነካቸውን የመተግበሪያ ገጾች መንደፍ ነው።

መጫኑ ቀላል ነበር። ጆይስቲኩ ግን የተሰናዳው ለቀኝ እጅ ስለሆነ፣ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ እንደ አዲስ መሙላት ነበረባቸው። የመሙያውን ገጽ ስከፍተው ወደ ታች ብንወርድ ብንወርድ የማያልቅ ዝርዝር ተደቀነብን።

«ተይው፣ እኔ ቀስ ብዬ እጨርሰዋለሁ» አሉኝ። ትቻቸው ወጣሁ።

በማግስቱ ስመለስ ሞተሩ ያጓራል፣ አውሮፕላኑ ግን ከመንደርደሪያው ንቅንቅ አይልም። ጎረቤቴ ትከሻቸው ወድቋል።

«ከትናንት ጀምሮ ታግዬ አቃተኝ። አእምሮዬም እንደ እጄ ሳይደክም አልቀረም፣ ልጄ» አሉ።

ገጹን ከፍቼ አየሁት። ለፍሬን የመረጡት ማንሻ ቀድሞ የሞተር ጉልበት መስጫ ሆኖ ተመዝግቧል። ገጹ «ይሄ ተይዟል» እንኳ ሳይላቸው ሁለቱንም አንድ ላይ አስሯቸዋል። ጉልበት በሰጡ ቁጥር ፍሬን ይይዙ ነበር ማለት ነው። ደሜ ፈላ። እውነተኛ አውሮፕላን ፈትቶ የሚገጥም ሰው በአንድ ሰነፍ ገጽ ምክንያት አእምሮውን ይጠራጠር?

ለሲሙሌተሩ ሠሪዎች ጻፍኩላቸው። «በቁም ነገር የሚያበር ሰው ይለምደዋል» የሚል አንድ መስመር መለሱልኝ። እሱን ሳነብ ይባስ ተናደድኩ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜና እሁዴን የራሴን የመሙያ ገጽ ለመሥራት ሰጠሁ። የእኔ ገጽ ዝርዝር የለውም፤ በአማርኛ አንድ በአንድ ይጠይቃል። «አፍንጫውን ወደ ላይ ለማንሳት የሚፈልጉትን ያንቀሳቅሱ» ይላል፤ ሰውየው ያንቀሳቅሳል፣ አለቀ። የነካው ማንሻ ቀድሞ ሌላ ሥራ ካለው ገጹ ያቆመውና የትኛውን እንደሚመርጥ ይጠይቀዋል።

ኩራት ኩራት እያለኝ ወስጄ አሳየኋቸው። እሳቸው ግን ከገጹ አናት ላይ የጻፍኩትን አንብበው ፊታቸው ተለወጠ።

«‹ለጀማሪዎች› ይላል። ጀማሪው ማነው?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ሁሉ ቀን በሠሪዎቹ ንቀት ስንገበገብ፣ ያንኑ ንቀት በራሴ እጅ የመጀመሪያው መስመር ላይ ጽፌዋለሁ። እዚያው አጠገባቸው ሆኜ አጠፋሁት።

«ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው ፍሬን ይሁን። ማቆሚያውን ሳያውቅ የሚነሳ ሰው የለም» አሉ።

እንዳሉት አደረግኩ። ሻይ እስኪፈላ ባልሞላ ጊዜ ጥያቄዎቹን ሁሉ በግራ እጃቸው መልሰው ጨረሱ። ከዚያ ጉልበት ሰጡ፤ አውሮፕላኑ ተንደርድሮ ተነሳ። ሲያሳርፉት ሁለት ጊዜ ነጥሮ ከመንገዱ ወጣ።

«ይሄኛው የእኔ ጥፋት ነው» አሉና ከት ብለው ሳቁ።

የሠራሁትን ገጽ ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኩት። ሰንጋ ተራ ቢሮ ያለው አንድ የሙያ ባልደረባዬ አይቶት «ለሽማግሌ የሚሆን መጫወቻ» አለኝ። ምን ያህል ሰው ጣቱ፣ ዓይኑ ወይም እጁ እንደሚያስቸግረው አስቦ አያውቅም። በቀደም ግን ገጹን የሚጠቀም፣ ማሽን ሁለት ጣቱን የቆረጠው አንድ የጌጃ ሰፈር አናጺ ደውሎ፣ ዓይኔ እጄ ላይ ስለሚሆን ጥያቄዎቹ በድምፅ ቢነበቡ ይሻለኛል አለኝ። አሁን እሱን እየሠራሁ ነው። ለሠሪዎቹም ድጋሚ ጽፌያለሁ፤ እስካሁን መልስ የለም። ንዴቴም አልበረደም።