በክርስትናዋ ጠዋት ዝም ያለው ፓምፕ

ቢከን ሂል፣ ቤቴ ደጃፍ፣ ጎህ ሲቀድ

ሰማዩ ገና አልጠራም፤ ካፊያው የመኪናዬን መስተዋት ያረሰርሰዋል። ነጠላዬን ለብሼ፣ ማዕተቡን በቦርሳዬ ይዤ ተነሳሁ። ዛሬ የጓደኛዬ የሰላም ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። ከውኃው የምቀበላት የክርስትና እናቷ እኔ ነኝ። የራሴ ልጅ የለኝም፤ ልጄ ብዬ የምጠራው እሷን ብቻ ነው።

መኪናዬ ዕድሜዋ ከብዙ ዲያቆናት ይበልጣል። ቁልፉን ስከፍት ከኋላ ወንበር ሥር የቤንዚን ፓምፗ "ዝዝዝ" ይላል፣ ከዚያ ትነሳለች። ዛሬም እንደዚያው ተነሳች።

ዋይት ሴንተር

መንገዱ ባዶ ነው፤ ያንድ ዳቦ ቤት መብራት ብቻ በርቷል። የሕፃኗ አያት ጋሽ ተሾመ ነጭ በነጭ ለብሰው በራቸው ላይ ይጠብቁኛል፣ ከነድስታቸው። ድስት ስል እንደ ቀላል አትዩት፤ የድግሱ ዶሮ ወጥ በሙሉ ያለበት፣ ለሁለት የሚያዝ ብረት ድስት ነው።

"ልጄ፣ ቀስ! እንዳይፈስ።"

"ይተዉት ጋሽዬ፣ እኔ እገፋዋለሁ።"

ገፋሁት። ተንሸራቶ ሄደና የኋላውን ዕቃ መጫኛ ግድግዳ "ጓ!" አደረገው። ወጡ አልፈሰሰም፤ ተመስገን ብለን ገባን።

ቁልፉን አዞርኩ። ክርክርክር ትላለች እንጂ አትነሳም። ደገምኩ። ያኔ ነው ክው ያልኩት፦ ዝዝዝ የለም! አሁን ሮጣ የመጣች መኪና!

ባትሪው ደህና ነው፣ ሞተሩን ያዞራል። ፊውዙን ነቅዬ አየሁ፤ አልተቃጠለም። ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን ሪሌ አውጥቼ በምትኩ የጥሩምባውን ሰካሁ። ዝም። ጋሽ ተሾመ ነጭ ሱሪያቸውን ረስተው አስፋልቱ ላይ ተንበረከኩና ፓምፑ ይነቃ እንደሆን ብለው የነዳጅ ታንኩን ከሥር ባወለቁት ጫማ መቱት። አሁንም ዝም።

"ቤንዚን ይኖራል? በቱቦ ሳብ አድርጌ ልየው" አሉ።

"ጋሽዬ! ሊቆርቡ ጾመው አይደል የመጡት?"

አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። "በስመ አብ! ምን ልሠራ ነበር!"

ይሄኔ ሰላም ኮል አደረገች። "የት ናችሁ? አባ ጸሎት ጀምረዋል!"

"መኪናዋ ስታርት አላደርግ አለች።"

"ሶ... ካልደረሽ ሌላ ሴት ትቀበላት ብለዋል።"

ታክሲ ጠራንና ድስቱን ልናወርድ ኋላውን ከፈትን። ድስቱ ሲነሳ፣ ጆሮው የመታው ቦታ ላይ በጣት የሚጫኑት አንድ ቀይ ቁልፍ ብቅ ብሏል። ይህን ሁሉ ዓመት ስነዳ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም! አጠገቡ የተለጠፈውን አነበብኩ፤ መኪናው ሲጋጭ ነዳጅ የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ ነው።

"ጋሽዬ፣ ድስቱን ግጭት መስሏት ነው ቤንዚኗን የዘጋችው!"

"እንዴ! በዶሮ ወጥ?"

ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ፤ የፈሰሰ ቤንዚን የለም። ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩት። ከዚያ መሪው ጋ ሄጄ የሞተሩን ቁልፍ ከፈትኩ።

ዝዝዝ።

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ታክሲውን ሰረዝን፤ ድስቱ ግን ወደዚያ አይመለስም አሉ ጋሽ ተሾመ። ከኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ ታስሮ ሄደ።

ኮሎምቢያ ሲቲ፣ ቤተ ክርስቲያን

መኪናዋን ያገኘሁት ቦታ ላይ ፓርክ አድርጌ ሮጥኩ። አባ ሕፃኗን ለሦስተኛ ጊዜ እየነከሯት ነው። አንዲት ሴትዮ ነጭ ጨርቅ ዘርግታ ቆማለች።

"መጣች! መጣች!" ብላ ሰላም ጮኸች። ሴትዮዋ ጨርቁን እጄ ላይ ጣል አድርጋልኝ ወደ ኋላ አለች፤ አባ ሕፃኗን አስታቀፉኝ።

አፏን ከፍታለች፣ ድምፅ ግን የለም። ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች። ዛሬ ዝምታን ጠግቤያለሁ፤ በእመቤቴ፣ አልቅሺ!

እሪ አለች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ማዕተቡን ለአባ ሳቀብል እጄን አየሁት፤ በሞተር ቅባት ጠቁሯል። ነጩ ጨርቅ ላይ ያውራ ጣቴ አሻራ ቁጭ ብሏል። ደንግጬ ልሸፍነው ስል ሰላም እጄን ያዘችኝ።

"ተዪው" አለችኝ። "ይሄ ጨርቅ አይታጠብም።"