ልጅ የላትም ያልኩ ዕለት

ይህን ነገር ሙሉውን የሚያውቅ፣ ከእኔ በቀር፣ በሕይወት ያለ ሰው የለም። ባለቤቴ ግማሹን ያውቃል። የንስሐ አባቴ ግማሹንም አያውቁም፤ ፊታቸው ተንበርክኬ ስለ ጾምና ስለ ሐሜት አወራለሁ፣ እሳቸው ይፈቱኛል፣ እኔ እንደታሰርኩ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። አሁን ለእናንተ ልናገረው ነው። አስቀድማችሁ ግን አንድ ነገር እወቁልኝ፤ በመውለዴ ልትፈርዱብኝ ከሆነ እዚሁ ላይ ተዉት። እሱን አልናዘዝም። የምናዘዘው ሌላ ነው።

እናቴ ስኪዞፍሬንያ የሚባል የአእምሮ ሕመም ነበረባት። ስሙን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። አሰላ ሳለን አንዱ መተት ነው ይላል፣ ሌላው ለክፏት ነው ይላል፣ የአባቴ ቤተሰቦች ደግሞ "ዘሯ ነው" ይሉ ነበር። ጎበዝ ልብስ ሰፊ ነበረች። እኔ ትምህርት ቤት እንደገባሁ ሰሞን ግድግዳው ውስጥ ሰዎች እንደሚያሙዋት ትነግረኝ ጀመር። ጎረቤት የሰጣትን ውኃ ተመርዟል ብላ ትደፋለች። አባቴ ትንሽ ታገሠና ሄደ። እኔና እሷ ሕክምና ፍለጋ አዲስ አበባ መጥተን ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ አንዲት ክፍል ተከራየን። በየወሩ መርፌ ትወጋ ጀመር። መርፌው ከተስማማት በኋላ ከማንም የማትለይ ሴት ሆነች፤ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ትቀልዳለች፣ ከኔ ጋር ትጣላለች። አልፎ አልፎ ያገረሽባታል፤ ከዚያ ደግሞ ይመለስላታል።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ "እታለም" ነበር የምላት፣ ታናናሾቿ ሲጠሯት ሰምቼ። የልደታ ጎረቤቶች ታዲያ እናቴ አትመስላቸውም ነበር፤ ሌላ ዘመዴ ትመስላቸው ነበር። እኔም አላረምኳቸውም። ውሸቱ ሳልፈልገው ቤቴ ድረስ መጣልኝ።

ሰሎሞንን ያወቅኩት ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ነው። እሱ አብነት ሰፈር የብረት በርና መስኮት የሚሠራበት ቤት ነበረው። ከሱ በፊት የወደድኩት አንድ የኮሌጅ ልጅ ነበር፤ እናቴ ታማ ሳለ ቤት መጥቶ አያትና ዳግመኛ አልመጣም። "ልጅ ብንወልድ ምን ይወጣል ብሎ ፈርቶ ነው" አለኝ ጓደኛው። ስለዚህ ሰሎሞን ስለ እናቴ ሲጠይቀኝ "ሞታለች" አልኩት። አፌ እንኳን አልተደናቀፈም።

ሽማግሌ ሊልክ ሲል ለእናቴ መንገር ነበረብኝ። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ነበር።

"እታለም፣ ሰሎሞን ሽማግሌ ሊልክ ነው።"

"እሰይ! ደግ ልጅ ነው።"

"እናቴ ሞታለች ብዬዋለሁ።"

እጇ ቆመ። ቀና ብላ አላየችኝም። "መቼ ነው የሞትኩት?"

"ልጅ ሳለሁ። በወባ።"

"እኔስ ታዲያ ማን ነኝ?"

"የአጎቴ ሚስት። የሥጋ ዝምድና የለንም።"

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። "እንግዲህ ሲጠይቁኝ እንዳልሳሳት ደግመሽ ንገሪኝ" አለች።

ደግሜ ነገርኳት! እናቴ እንደ ሞተች እናቴን ራሷን አስጠናኋት። ሽማግሌዎቹ መጥተው ከዘር የሚወርድ ነገር አለ ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ነጠላዋን አስተካክላ "እናቷ ምንም ያልነካት ጤነኛ ሴት ነበረች፤ ወባ ነው የወሰዳት" አለቻቸው። ሰው ሁሉ አእምሮዋ አይታመንም የሚላት ሴት የኔን ውሸት ከኔ አሳምራ ያዘችልኝ።

ተጋባን። ሰሎሞን ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ቀለም ቀብቶ ሰጣት። የአጎቴ ሚስት እንደሚያማት ያውቅ ነበር፤ ከኔ ደም ጋር ግን አላገናኘውም። ልጅ እንውለድ ሲል እኔ ጊዜ እፈልጋለሁ እላለሁ። በልቤ ግን ፍርሃቴን አገላብጠው ነበር። ሐኪሟን ጠየቅኩ። "ልጆችሽ ከሌላው ሰው የሰፋ የመታመም ዕድል አላቸው፤ አብዛኞቹ ግን አይታመሙም። ከዚህ ያለፈ ቁርጥ ያለ ነገር ልነግርሽ አልችልም" አለኝ።

እናቴንም ጠየቅኳት።

"እኔን የመሰለ ይወጣል ብለሽ ነው?" አለችኝ።

"አዎ።"

"እኔ እኮ ሁልጊዜ አልታመምም" አለች። ተከፍታ ነበር። "ስታመም ብቻ ነው እንዴ የምታስታውሽው? አንቺን ፊደል ያስቆጠርኩሽ ማን ሆኜ ነው?"

ወለድኩ። ዓይኔን ገልጬ፣ የሚሆነውን ሁሉ አስቤ ወለድኩ። እናቴን የመሰለች ልጅ ብትመጣስ? ትምጣ! እናቴ ባትወለድ ይሻል ነበር የሚለኝ ማን ነው? እኔስ ባልወለድ ይሻል ነበር? ይህን ሰዎች በሹክሹክታ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ፊቴ ቆሞ የሚል ግን እስካሁን አላገኘሁም። ለሰሎሞን ሳልነግረው ስለ ሁለታችን ብቻዬን መወሰኔ ጥፋት ነው። ጥፋት አይደለም አልልም። መውለዴ ግን ጥፋት አይደለም።

ጥፋቴ የመጣው በልጄ በቤቲ ክርስትና ዕለት ነው።

የጥምቀት ቀሚሷን እናቴ በእጇ ሰፍታዋለች። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። አማቴ ልጅቷን ታቅፈው "በአያቷ ወጥታለች፣ በኔ!" እያሉ ለእንግዳው ያሳያሉ። እናቴ ከጥግ ተነሥታ መጣች። ሳቅ ብላ የልጅቷን አገጭ በጣቷ ነካችው።

"አገጯ ግን የኔ ነው" አለች። "እኔም እኮ አያቷ ነኝ።"

አማቴ ልጅቷን ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጓት። እናቴ የተናገረችው ሲገባት ደነገጠች፤ ግን አልመለሰችውም። "እናቷን የወለድኳት እኔ ነኝ" አለች፣ ረጋ ብላ፣ እኔን እያየች።

ሰሎሞን ዞሮ አየኝ። እንግዳው ሁሉ አየኝ።

"አመማት" አልኩ። "ሲያማት እንዲህ ነው የምትለው።"

አልታመመችም ነበር። ይህን ነው ለማንም ያልነገርኩት። መርፌዋን በጊዜው ተወግታለች፣ እንቅልፏን ተኝታለች፣ ዓይኗ ጥርት ያለ ነበር። በሕይወቷ ከዚያ ቀን ይበልጥ ጤነኛ ሆና አይቻት አላውቅም። ደስ ብሏት ነበር፤ በቃ፣ የልጅ ልጇን አይታ ደስ ብሏት ነበር። እኔም ይህን እያወቅኩ ታክሲ አስጠራሁ። ካርዷ ወዳለበት ሆስፒታል ግን አልወሰድኳትም፤ እዚያ ልጇ መሆኔን ያውቃሉ። ማንም ወደማያውቀን አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። በድንጋጤ ያደረግኩት ነው እንዳትሉልኝ። የደነገጠ ሰው ክሊኒክ አይመርጥም። እኔ መረጥኩ።

ወጣቱ ሐኪም ጠየቀኝ፤ ሰሎሞን አጠገቤ ቆሟል። "ልጄ ናት ትላለች። ምንሽ ናት?"

"የአጎቴ ሚስት ናት" አልኩ። "ልጅ የላትም።"

እናቴ አየችኝ። እሪ ብትል፣ ብትሰድበኝ፣ ምናለ ነበር! ወደ ሐኪሙ ዞራ "እሷ እንዳለችው ነው፤ ተሳስቼ ነው" አለች። ለኔ ብላ። ሐኪሙ ጽፎ አስተኛት።

ሳምንታት ቆየች። በመድኃኒት ላይ መድኃኒት ጨመሩባት። ስትወጣ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሐኪሟ መድኃኒቱን ቢቀንስላትም መንቀጥቀጡ አልተዋትም። ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቃታት። የስፌት መኪናዋን ለጎረቤት ሰጠች። ከዚያ በኋላ ቤቲን ስታቅፍ ቀና ብላ መጀመሪያ እኔን ታያለች፣ ፈቃድ እንደምትጠይቅ እንግዳ።

ዓመታት አለፉ። ልደታ መፍረስ ጀመረና ግቢያችንም ይነሣ ተባለ። የደረሰን ኮንዶሚኒየም ጠባብ ነበር። ሰሎሞን አስቦበት፣ በቅንነት፣ "እታለምን የሥጋ ዘመዶቿ አሰላ ቢወስዷትስ? አንቺ እኮ ከድርሻሽ በላይ አድርገሻል" አለኝ።

ውሸቴ እናቴን ከቤት ሊያስወጣት ነው። "እናቴ ናት" አልኩት።

ጃኬቱን አንሥቶ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር፣ እናቱ ቤት ሄደ። በማግስቱ አማቴ መጡ።

"ልጄን አታለልሽው! ዘራችንን አበላሸሽው!"

"ማታለሌ እውነት ነው እማማ፣ ለሱ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ" አልኳቸው። "ዘርዎ ግን ያችውልዎት፣ ደጅ ገመድ ትዘላለች። ምኗ እንደተበላሸ ጠርተው ይንገሯት።"

አልጠሯትም። ሰሎሞን ሲመለስ ዓይኑ አብጦ ነበር። "ብትነግሪኝ እምቢ የምል መሰለሽ?" አለኝ።

"አዎ።"

"ምናልባት እል ነበር" አለ። ስላልዋሸኝ አከበርኩት። "እምቢ ብል ኖሮ ግን ቤቲ የለችም።" እናቴ አብራን ኮንዶሚኒየም ገባች። ናሆምን የወለድነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሁለታችንም አውቀን፣ ሁለታችንም ፈርተን።

ስለ ክሊኒኩ ግን አልነገርኩትም። እስከ ዛሬ ያን ቀን ታማ እንደነበር ነው የሚያምነው። የነገርኩት ለእናቴ ብቻ ነው። ልትሞት ጥቂት ወራት ሲቀራት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ "ያን ቀን አልታመምሽም ነበር። አውቅ ነበር" አልኳት።

"እንደምታውቂ አውቅ ነበር" አለችኝ።

"ይቅር በይኝ፣ እማዬ።" በዚያ ስም ስጠራት የመጀመሪያዬ ነበር።

አሰበችበት። "እሱን አልችልም" አለች፣ ሳትቆጣ። "ልጆቹን ጥሪልኝ፤ ፀጉራቸውን ላበጥርላቸው።"

አምና ቤቲ ስለ አያቷ ሕመም ጠየቀችኝ፤ የሕመሙን ስም ነገርኳት። እሷም እንደኔ ቀጥታ ነገር ትወዳለች።

"እኔስ ልታመም እችላለሁ?"

"ትችያለሽ። አብዛኛው ሰው አይታመምም፤ አንቺ ግን ልትታመሚ ትችያለሽ።"

"ታዲያ ይህን እያወቅሽ ወለድሽኝ?"

"አዎ። ዛሬም ቢሆን እወልድሻለሁ።"

"ብታመምስ?"

"አሳክምሻለሁ። ማንም ቢጠይቀኝ ልጄ ናት እላለሁ።"

ትንሽ አየችኝና ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። ስለ ክሊኒኩ እሷም አታውቅም። ይህን ካነበበች ታውቀዋለች፤ ትወቀው።

ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ያን ቀን እናት ነበርኩ። ሰው ፈርቼ ነው አልልም፤ እናቴም ትፈራ ነበር፣ ግን ለራሷ ብላ አልካደችኝም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅር የምትለኝ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ጠየቅኳት፣ አልችልም አለችኝ። መብቷ ነው።